የፀሐይ መብራትና ድጎማው

ከኪንዶ ዲዳዬ ተነሥቶ ወደ ወላይታ ሶዶ የሚመጣ መንገደኛ ረጃጅም የብረት ምሰሶዎች ተሰልፈው ያያል። በላያቸው ወፍራም ሽቦ ተዘርግቷል። በሽቦው የሚሄደው ከኦሞ ወንዝ የተገኘ የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ከምሰሶዎቹ ሥር የእንሰት ጓሮ፣ የበቆሎና የስኳር ድንች ማሳ፣ ጎጆ ቤትም አለ። ሲመሽ ታዲያ ከብዙዎቹ ጎጆዎች የሚወጣው ብርሃን የኩራዝ ብርሃን ነው።

«ኃይሉ በራሳችን ላይ እያለፈ እኛ ለምን ላምባ እንገዛለን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለ ፀሐይ መብራትና ስለ መንግሥት ድጎማ ከመናገራችን በፊት መልሱን ማወቅ ይጠቅመናል።

ጊቤ ሦስት የተባለው ግድብ በወላይታና በዳውሮ መካከል በኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራ ነው። የተመረቀው በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ነው። በሙሉ አቅሙ ሲሠራ 1,870 ሜጋዋት ያመነጫል። ኃይሉ ወደ ሶዶ ማከፋፈያ ጣቢያ ይመጣና ከዚያ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌላም ቦታ ይሄዳል። ከሶዶ የሚነሣ ሌላ መስመር ደግሞ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ኬንያ ይደርሳል። በዚህ መስመር ለኬንያ ኃይል መሸጥ የተጀመረው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው።

ነገር ግን በእነዚያ ምሰሶዎች ላይ ያለው ኃይል እንዳለ ቤት አይገባም። በቤት ውስጥ አምፖል የሚያበራው 220 ቮልት ነው። ከጊቤ ወደ ሶዶ የሚመጣው 400,000 ቮልት ነው፤ ወደ ኬንያ የሚሄደው 500,000 ቮልት ነው። ያንን ወደ ጎጆ እናስገባ ማለት ክረምት ላይ የሞላውን ኦሞ በጠርሙስ አፍ እንቅዳ እንደማለት ነው። ኃይሉ በመጀመሪያ በማከፋፈያ ጣቢያ ይቀነሳል። ከዚያ አነስተኛ መስመር ይዘረጋል። ከዚያ በየመንደሩ ትራንስፎርመር ይተከላል፤ በየቤቱም ቆጣሪ ይገባል። ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል። ቤቶች ከመስመሩ በራቁና በተበታተኑ ቁጥር ለአንድ ቤት የሚወጣው ወጪ ይበዛል። ከላያችን ያለፈው ኃይል ለእኛ ያልበራበት ምክንያት ይኸው ነው። ምክንያቱን ማወቅ ግን ጨለማውን ቀላል አያደርገውም።

መንግሥት በኅዳር 2010 ዓ.ም. ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም የሚባል ዕቅድ አወጣ። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. አሻሻለው። የተሻሻለው ዕቅድ በፈረንጆች አቆጣጠር 2025 ሲደርስ ሕዝቡ ሁሉ መብራት ያገኛል፤ ከመቶው 65 እጅ ከዋናው መስመር፣ 35 እጅ ደግሞ ከመስመር ውጭ፣ ይልቁንም ከፀሐይ ያገኛል የሚል ነበር። ጊዜው ደርሶም ጨለማ ውስጥ ያለው ገጠር ገና ብዙ ነው። ሆኖም በዕቅዱ ውስጥ ልብ የምንለው ነገር አለ። ከመቶ ሰው 35ቱን መስመር ቶሎ እንደማይደርሰው መንግሥት ራሱ አምኖ ጽፏል ማለት ነው። ለእነዚህ ሰዎች የታሰበው በጣራ ላይ የሚሰቀል የፀሐይ መብራት፣ በተለምዶ ሶላር የምንለው ነው።

ሶላር ለአገራችን አዲስ አይደለም። ከዛሬ 40 ዓመት ገደማ በፊት፣ በ1977 ዓ.ም. ገደማ፣ በመካከለኛው ኢትዮጵያ በምትገኝ አንዲት የገጠር መንደር 10.5 ኪሎዋት የሚሰጥ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ተተክሎ 300 ለሚሆኑ ቤቶች መብራት ሰጥቷል። ከአራት ዓመት በኋላ አቅሙ ወደ 30 ኪሎዋት አድጎ የውሃ ፓምፕና የእህል ወፍጮ እንዲያንቀሳቅስ ተደርጓል። ያን ጊዜ ዕቃው እጅግ ውድ ስለነበረ አንድ ገበሬ ለብቻው ሊገዛው አይችልም ነበር። ዛሬ በዓለም ገበያ በጣም ረክሷል። በጣም ረክሷል ማለት ግን ከገበሬ ኪስ ይወጣል ማለት አይደለም። የድጎማ ነገር የሚነሣውም ከዚህ ላይ ነው።

ድጎማ ምንድን ነው?

ደጎመ ማለት ደገፈ፣ ረዳ ማለት ነው። አንድ ዕቃ 100 ብር ያወጣል እንበል። ገዢው 70 ብር ብቻ ቢከፍል ቀሪውን 30 ብር ሌላ ሰው ከፍሏል። ያ 30 ብር ድጎማ ይባላል። መንግሥት የከፈለው እንደሆነ የመንግሥት ድጎማ ነው። መንግሥትስ ከየት ያመጣዋል? ከግብር ያመጣዋል፤ ከውጭም በእርዳታና በብድር ያገኘዋል። ብድሩን ዞሮ ዞሮ የሚመልሰው ሕዝቡ ነው። ስለዚህ «በድጎማ የመጣ ነው» ሲባል «ነጻ ነው» ማለት አይደለም። አንዱ ከፍሎበታል፤ ከከፋዮቹም አንዱ እናንተ ናችሁ።

የወላይታ ገበሬ ብድርንና ድጎማን የሚያውቃቸው ከማዳበሪያ ነው። በ1960ዎቹ ዓ.ም. ዋዱ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ይሰጥ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ መንግሥት የማዳበሪያ ድጎማን ሲያነሣ ገበሬው የዋጋውን ሸክም ብቻውን ተሸከመ። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ማዳበሪያ በዓለም ገበያ ሲወደድ ደግሞ መንግሥት እንደገና በቢሊዮን የሚቆጠር ብር ደጉሟል። ከዚህ የምንረዳው ድጎማ የሚመጣና የሚሄድ መሆኑን ነው። ዘንድሮ ስላለ ለከርሞም ይኖራል ብሎ መቀመጥ አይቻልም።

«ታዲያ ገበሬው ሶላር እንዲገዛ መንግሥት ለምን ይደጉማል? ቅንጦት አይደለም እንዴ?» የሚሉ ሰዎች አሉ። እነዚህን ሰዎች አንድ ነገር እንጠይቃቸው። በከተማ መስመር የገባለት ቤት ስንት ይከፍላል? እስከ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ በወር ከ50 ኪሎዋት ሰዓት የማይበልጥ ኃይል የሚጠቀም ቤት ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው 27 ሳንቲም ገደማ ነበር። ይህ ኃይሉን አመንጭቶ ቤት ለማድረስ ከሚወጣው ወጪ እጅግ ያነሰ ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ዋጋው ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ቢደረግም ጥቂት የሚጠቀሙ ቤቶች አሁንም ይደጎማሉ። ስለዚህ መስመር ያለው ሰው ማብሪያውን በተጫነ ቁጥር ይደጎማል። መስመር የሌለው ግን ላምባውን በሙሉ ዋጋ ይገዛል፤ ስልኩንም ገበያ ወርዶ ከፍሎ ቻርጅ ያስደርጋል። በእኛ አስተያየት የገጠሩ ሰው በሶላር ቢደጎም ለከተሜው ከተደረገው የበለጠ አልተደረገለትም። እንዲያውም ያንሳል።

ድጎማው በየት በኩል ይመጣል?

ብዙ ሰው ድጎማ ሲባል ቀበሌ ላይ የሚታደል ዕቃ ይመስለዋል። አብዛኛው ግን በዚያ መንገድ አይመጣም።

አንደኛው በር ጉምሩክ ነው። ሶላር ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው። መንግሥት ያለ ቀረጥ እንዲገባ ሲፈቅድ ሊሰበስበው ይችል የነበረውን ገንዘብ ተወ ማለት ነው። የተወው ገንዘብ ድጎማ ነው። ነገር ግን ነጋዴው ከቀረጥ ነጻ አስገብቶ በቀረጥ ዋጋ ቢሸጥ ድጎማው በእሱ ኪስ ይቀራል።

ሁለተኛው በር ባንክ ነው። ለገጠር መብራት ብድርና ሙያዊ እርዳታ የሚሰጥ ፈንድ በአዋጅ ቁጥር 317/1995 ተቋቁሟል። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ባንክ ባጸደቀው ፕሮጀክት ለሶላር የሚሆን ገንዘብ በኢትዮጵያ ልማት ባንክ በኩል እንዲሰጥ ተደረገ። ከዚህ ገንዘብ አስመጪዎች የውጭ ምንዛሪ ይበደሩ ነበር፤ አነስተኛ የብድር ተቋማት ደግሞ ለቤተሰብ የሚያበድሩትን ያገኙ ነበር።

ሦስተኛው በር ኩባንያው ነው። በ2013 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለመብራት ሥራ የሚውል 500 ሚሊዮን ዶላር ለኢትዮጵያ ፈቅዷል። እንዲህ ባሉ ፕሮግራሞች የሚሠራበት አንድ መንገድ አለ። ኩባንያው ሶላሩን ሩቅ ገጠር ወስዶ ይሸጣል፤ መሸጡና መሥራቱ ሲረጋገጥ ገንዘብ ይከፈለዋል። በዚህ መንገድ ድጎማውን ገበሬው በዓይኑ አያየውም። የሚያየው የመጨረሻውን ዋጋ ብቻ ነው። ለጤና ኬላና ለትምህርት ቤት የሚተከለው የተለየ ነው፤ እሱን ለጊዜው እንተወው።

በዚህ ሁሉ መካከል ዶላር አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ጨመረ። ስለዚህ ጎረቤታችሁ ከሦስት ዓመት በፊት የገዛበትን ዋጋ ይዛችሁ ብትሄዱ ሻጩ ቢስቅባችሁ አትደነቁ።

ድጎማው እኛ ዘንድ ደርሷል ወይ?

ማንበብና ማስላት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ቀድሞ ሰው የብድር ወረቀት ሲቀርብለት አውራ ጣቱን ቀለም አስነክሮ ይሰጥ ነበር። ምን እንደተጻፈበት የሚያውቀው ጸሐፊው ነው። እናንተ ዛሬ ታነባላችሁ። ስለዚህ የሚከተለውን ሒሳብ በደብተራችሁ ላይ አብራችሁን ሥሩ። ቁጥሮቹ ለትምህርት የተሰጡ ምሳሌዎች እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም።

አንድ ሶላር ከነባትሪውና ከነአምፖሉ ዋጋው 12,000 ብር ነው ተባለ። ከዚህ ላይ ድጎማው 3,000 ብር ነው። የቀረው 9,000 ብር ነው። ገበሬው 1,000 ብር ቅድሚያ ከፈለ። 8,000 ብር በብድር ሆነ። ወለዱ በዓመት ከመቶ 15 ብር ነው። 8,000 ብር ውስጥ 80 መቶዎች አሉ፤ 80 ጊዜ 15 ስናባዛ 1,200 ብር ይሆናል። ብድሩ በአንድ ዓመት ሲመለስ 8,000 እና 1,200፣ ማለት 9,200 ብር ይከፈላል። ቅድሚያ የተከፈለው 1,000 ብር ሲደመር ከቤት የሚወጣው ገንዘብ በሙሉ 10,200 ብር ነው።

አሁን ወደ ሶዶ ገበያ ወይም ወደ ቦዲቲ ውጡና ያንኑ ዕቃ፣ ያንኑ ዋትና ያንኑ ስም የያዘውን፣ ያለ ድጎማ ስንት እንደሚሸጥ ጠይቁ። 12,000 ብር ከተባላችሁ ድጎማው በእርግጥ ደርሷችኋል። 9,000 ብር ከተባላችሁስ? ያኔ ድጎማ የሚባል ነገር እናንተ ዘንድ አልደረሰም። ዋጋው መጀመሪያ ወደ ላይ ተሰቅሎ፣ ከዚያ በድጎማ ስም ወደ ቦታው ተመልሷል። እንዲህ ያለውን ነገር ለማወቅ ብዙ መማር አያስፈልግም። ሁለት ዋጋ ጠይቆ መቀነስ ብቻ ነው።

ሒሳቡ ግን አላለቀም። ቤተሰቡ በወር ለላምባ 200 ብር፣ ለባትሪ ድንጋይ 80 ብር፣ ስልክ ቻርጅ ለማስደረግ 120 ብር ያወጣ ነበር እንበል። በጠቅላላው 400 ብር ነው። ሶላሩ ሲገባ ይህ ወጪ ይቀራል። 10,200 ለ400 ሲካፈል 25.5 ነው። እንግዲህ ይህ ሶላር ወጪውን የሚመልሰው በ25 ወር ተኩል፣ ማለት ከሁለት ዓመት ትንሽ አልፎ ነው። ከዚያ በኋላ የሚያበራው ትርፍ ነው። ከዚያ በፊት ከተበላሸና የሚጠግነው ካልተገኘ ግን ቤተሰቡ ከስሯል።

ይህን ቁጥር በቀላሉ አትለፉት። ዕቃው በስምንተኛው ወር ቢቆም ምን ይሆናል? አበዳሪው ዕቃው መሥራቱን አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ወርሃዊ ክፍያውን ነው። ቤቱ ወደ ኩራዝ ይመለሳል። ላምባ ይገዛል፤ የጠፋውንም መብራት ዕዳ ይከፍላል። ሁለት ጊዜ ከፋይ ሆነ ማለት ነው። መሬቱ ከግማሽ ሄክታር ለማያልፍ ቤተሰብ፣ በወላይታም እንዲህ ያለው ብዙ ነው፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጥጃ ሊያሸጥ ይችላል።

ስለዚህ ከዋጋው ቀጥሎ በወረቀቱ ላይ የምንፈልገው ቃል «ዋስትና» የሚለው ነው። ዋስትናው ለስንት ጊዜ ነው? ለባትሪውስ ጭምር ነው ወይስ ለሰሌዳው ብቻ? ሻጮች አንዳንዴ «20 ዓመት ይሠራል» ይላሉ። እውነት ነው፤ ደኅና ሰሌዳ 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊሠራ ይችላል። ቀድሞ የሚደክመው ባትሪው ነው። ባትሪ የሌለው ሰሌዳ ማታ ምንም አያበራም። በዓለም የታወቀው የጥራት መለኪያ ከ10 ዋት በላይ ለሆነ የቤት ሶላር ቢያንስ የሁለት ዓመት ዋስትና ይጠይቃል። ከዚያ ያነሰ የሚሰጣችሁን ሻጭ «ለምን?» በሉት። የዋስትናው ወረቀት ማኅተም፣ የተገዛበት ቀንና የዕቃው ቁጥር የተጻፈበት መሆን አለበት። በቃል የተሰጠ ዋስትና ሻጩ መኪናው ላይ እስኪወጣ ድረስ ብቻ ይቆያል።

ብድሩ በቡድን ዋስትና ከሆነም አስቡበት። አምስት ወይም አሥር ሰዎች አንዱ ላንዱ ዋስ ሆነው ሲበደሩ፣ አንዱ መክፈል ቢያቅተው ሌሎቹ ይከፍሉለታል። ሶላሩ የተበላሸበት ጎረቤት አልከፍልም ቢል ዕዳው ወደ እናንተ ይመጣል። በዕድርና በደቦ አብሮ የሚኖር ሰው በዚህ ምክንያት ሊቀያየም አይገባም። ከመፈረም በፊት አብሮ ተቀምጦ ማንበብ ይሻላል። ባልና ሚስትም አብረው ያንብቡ። ኩራዙን የምትለኩሰው፣ ጭሱንም የምትጠጣው አብዛኛውን ጊዜ ሚስት ሆና ሳለች፣ ውሉን ሳታየው ቢፈረም ተገቢ አይደለም።

አሁን አሁን ደግሞ እየተጠቀሙ መክፈል የሚባል አለ። ገዢው በየወሩ በቴሌብር ወይም በሌላ የስልክ ገንዘብ ይልካል፤ ካልላከ ዕቃው ይቆለፋል። ለከፈለ ይከፈታል። ይህ መሬትና ከብት ለማያስይዝ ሰው ጥሩ ነው። ነገር ግን ገንዘብ የማይገኝበት ወር፣ ለምሳሌ በቆሎ ሳይደርስ በፊት ያለው ጊዜ፣ ቤቱ ሊጨልም ነው። ሲዋዋሉ «ክፍያው በምርት ጊዜ ይበርታ፣ በክረምት ይቅለል» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። የሚፈቅድም የማይፈቅድም አለ፤ ካልጠየቁ ግን ማንም አይፈቅድም።

ሌሎች ምን አደረጉ?

ባንግላዴሽ ሩዝ የሚያመርቱ ገበሬዎች የበዙባት አገር ናት። በ1995 ዓ.ም. ገደማ መስመር ላልደረሳቸው ቤቶች ሶላር በብድርና በድጎማ ማዳረስ ጀመረች። በ15 ዓመት ጊዜ ውስጥ ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶች ሶላር ገባላቸው፤ 20 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ተጠቀሙ። ነገሩ እንዴት ተሳካ? ድጎማው መጀመሪያ ላይ ከፍ ያለ ነበር፤ ዕቃው እየረከሰ ሲሄድ እየተቀነሰ ሄደ። በመጨረሻ የቀረው ለድሆች ለሚሆነው ትንሹ ሶላር ብቻ ነበር። ሌላው ምክንያት ደግሞ ሰብሳቢው ነው። ክፍያ ለመሰብሰብ በየወሩ ቤት የሚመጣው ሠራተኛ መብራቱ መሥራቱንም ያይ ነበር። ሰው የማይሠራ ዕቃ ክፍያ በፈቃዱ አይሰጥም፤ ስለዚህ ሰብሳቢው መጠገን ነበረበት።

ኋላ ላይ ግን የመንግሥት ሌሎች ፕሮግራሞች በዚያው ገጠር ሶላር በነጻ ማደል ጀመሩ። ይህን ጊዜ ሰው «ነገ በነጻ ለሚመጣው ለምን ዛሬ እገዛለሁ?» አለ። የተበደረውም ለመክፈል ሰነፈ። ዋናው መስመርም እየተስፋፋ ሲመጣ ያ ትልቅ ሥራ ተቀዛቀዘ። በነጻ መስጠት ሁልጊዜ ደግነት ይመስላል። ግን አጠገቡ የከፈለ ሰው ካለ ያንን ሰው ሞኝ ያደርገዋል።

ከእኛም አገር ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሬማ የምትባል የገጠር ቀበሌ አለች። በ1990ዎቹ መጨረሻ አንድ የጀርመን በጎ አድራጎት ድርጅት ከ1,000 በላይ ለሚሆኑ ቤቶች ትንንሽ ሶላር ተክሎላቸዋል። ዕቃውን ያመጣው ድርጅቱ ነው፤ ቤተሰቦቹ ግን በየወሩ ጥቂት ገንዘብ ለጥገና እንዲያዋጡ ተደረገ። እዚያው ሬማ ላይ የሶላር ቴክኒሻኖች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤትም ተከፈተ። እኛን የሚያስደስተን ይህ ነገር ነው። ዕቃ አምጥቶ መሄድ ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ የሚጠግን ሰው ትቶ መሄድ ግን ጥቂቱ ነው።

ሕንድ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ለአሥር ሚሊዮን ቤቶች ጣራ ሶላር እደጉማለሁ ብላ ለአንድ ቤት እስከ 78,000 ሩፒ መስጠት ጀምራለች። የእሷ ግን መስመር ላላቸው ቤቶች ነው፤ ቤቱ የተረፈውን ኃይል ወደ መስመሩ መልሶ ይሸጣል። የእኛ ነገር ሌላ ነው። እኛ የምንናገረው ምንም መስመር ስለሌለው ቤት ነው።

ስንት ዋት ይበቃናል?

ሻጩ «ቴሌቪዥንም ያሠራል» ሲል ከመቀበል በፊት ይህን እንይ። በሰሌዳው ጀርባ ላይ ቁጥርና «ዋት» የሚል ቃል ወይም ምልክት ተለጥፏል። 20 ዋት ነው እንበል። በቀን አምስት ሰዓት ያህል ጠንካራ ፀሐይ ቢያገኝ 20 ጊዜ 5፣ 100 ዋት ሰዓት ይሰበስባል። በሽቦና በባትሪ ከሚባክነው የተረፈው 70 ያህል ነው። ሦስት አምፖል፣ እያንዳንዱ 3 ዋት፣ ለ4 ሰዓት ቢበራ 36 ይፈጃል። ሁለት ስልክ 20 ያህል ይፈጃል። 3 ዋት የሆነ ሬዲዮ ሦስት ሰዓት ቢከፈት 9 ይፈጃል። ድምሩ 65 ነው። ሶላሩ ይበቃል፤ የሚተርፈው ግን 5 ብቻ ነው። 20 ዋት የሚበላ ቴሌቪዥን ለሦስት ሰዓት ቢከፈት ለብቻው 60 ይፈልጋል። ስለዚህ የሻጩ ቃል ትክክል አይደለም። ክረምት ላይ ዳሞታ ደመና ተከናንቦ ሲውል ደግሞ የሚገኘው ግማሽ ሊሆን ይችላል። ያኔ አምፖሎቹን ብቻ ማብራት ነው።

ሰሌዳው የዛፍ ጥላ እንዳያርፍበት ይሁን። የአቮካዶና የባሕር ዛፍ ጥላ ጠዋት ባይኖርም ከሰዓት በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ ቀኑን ሙሉ ተመልከቱ። በቆርቆሮ ጣራ ላይ ማሰር ቀላል ነው። ሣር ጣራ ላይ ግን ከጣራው ይልቅ አጠገቡ በተተከለ ጠንካራ እንጨት ላይ ማሰር ይሻላል። ወደ ደቡብ ጥቂት ዘንበል ይበል፤ ዝናቡም አቧራውን አጥቦት ይወርዳል። ሌባ ይወስደዋል ብለው ጠዋት መሬት ላይ ዘርግተው ማታ የሚያስገቡ አሉ። ጥጃ ይረግጠዋል፤ ልጅ ይሰብረዋል፤ ሽቦውም ይበጠሳል። ያረጀ ባትሪ ከፍቶ ማየት ወይም እንሰት ሥር መጣል ክፉ ነገር ነው። በአንዳንዱ ውስጥ እርሳስና የሚያቃጥል አሲድ አለ። አሮጌውን ለሻጩ መልሱ።

ቅድሚያ ክፍያውስ?

የወላይታ ሰው ገንዘብ ማጠራቀም አያውቅም የሚል ካለ ጊፋታን አላየም። ወንዶቹ ለበሬ መግዣ ዓመቱን ሙሉ ጥቂት በጥቂት ያዋጣሉ፤ ሴቶቹ ቅቤውንና ቅመሙን ለብቻ ያጠራቅማሉ። መስከረም ሲደርስ ሁሉም ዝግጁ ነው። በዚያው ሥርዓት፣ በዚያው በሚተማመኑ ሰዎች መካከል፣ የሶላር ቅድሚያ ክፍያ ቢጠራቀም ብድሩ ያንሳል፤ ወለዱም ያንሳል። በላይኛው ሒሳብ ላይ ቅድሚያው 1,000 ሳይሆን 4,000 ብር ቢሆን ኖሮ ብድሩ 5,000፣ ወለዱም 750 ብር ብቻ ይሆን ነበር። 450 ብር ተረፈ። ይህ ማንም የማይሰርቀው ድጎማ ነው።

ጥያቄ ወይም አቤቱታ ሲኖር መጀመሪያ የሚኬደው ወደ ቀበሌ፣ ቀጥሎም በወረዳው የኢነርጂን ሥራ ወደያዘው ጽሕፈት ቤት ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ወላይታ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ናት፤ የክልሉ አስተዳደር መቀመጫም ወላይታ ሶዶ ነው። ስለዚህ ቀድሞ ሐዋሳ ድረስ ያስኬድ የነበረ ጉዳይ ዛሬ ሶዶ ላይ ሊጠየቅ ይችላል። ስትሄዱ ውሉን፣ ደረሰኙንና የዋስትናውን ወረቀት ያዙ። ቅጂውን ስጡ፤ ዋናውን ቤት አስቀምጡ።

በደብተራችሁ የሚሠራ

በአንድ ቀበሌ የሚኖሩ ባልና ሚስት 15,000 ብር ዋጋ ያለው ሶላር ቀረበላቸው። ድጎማው 4,000 ብር ነው። ቅድሚያ 2,000 ብር ይከፍላሉ፤ የቀረውን በአንድ ዓመት ይመልሳሉ። ወለዱ ከመቶ 12 ብር ነው። ለላምባ፣ ለባትሪ ድንጋይና ለስልክ በወር 420 ብር ያወጡ ነበር።

ሀ. ብድሩ ስንት ነው? ወለዱስ?

ለ. ከቤታቸው በጠቅላላው ስንት ብር ይወጣል?

ሐ. ሶላሩ ወጪውን የሚመልሰው በስንት ወር ነው?

መ. በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ዋስትና 24 ወር ነው። ሚስትየው «ዋስትናው 30 ወር ካልሆነ አልፈርምም» አለች። ባልየው «ይቅር፣ ዕድሉ እንዳያመልጠን» አለ። ሒሳቡን ሠርታችሁ ማን ትክክል እንደሆነ ተነጋገሩ።